ከመሪው ጋር የሚዞረው መብራት

በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ፣ ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ ድረስ፣ «ድመቱ» ነው። ድመት የተባለው አይጥ አሳድዶ ወይም ወተት ወዶ አይደለም። በጨለማ ያያል ተብሎ ነው። የማታ ፈረቃ ሠራተኞችን ወደየሰፈራቸው የሚመልሰውን ሰርቪስ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሲነዳ፣ ጎማው አንድ ቀን እንኳ ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ አያውቅም። ይህ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚነገር ነገር አይደለም፤ መንገዱን ያየ ያውቀዋል።

መንገዱ ከፋብሪካው በር ተነስቶ ጥቂት በቀጥታ ይሄድና ኮረብታውን በወገቡ ያቅፈዋል። በአንዱ ጎን ተቆርጦ የቆመ ቀይ የአፈር ግድግዳ፣ በሌላው ጎን ገደል ነው። ምሰሶዎች ተተክለውለታል፤ አምፖሎቹ ግን አንድ በአንድ ተቃጥለው ካለቁ ወዲህ የሚተካቸው አልተገኘም። ከኩርባዎቹ ሁሉ የሚከፋው ረጅሙ ኩርባ ነው። ገብተውበት መሪ ሲያዞሩ፣ ሲያዞሩ፣ አሁንስ አለቀ ሲሉት እንደገና ይታጠፋል። አዲስ ሾፌር እዚያ ሲደርስ ወሬውን ያቆማል።

የድመቱ ተሳፋሪዎች ግን እዚያ ሲደርሱ ተኝተዋል። ሰው ፈረቃውን ሙሉ በማሽን ጩኸት ሲደበደብ ቆይቶ ወንበር ላይ ሲወድቅ ቢተኛ አይገርምም። የሚገርመው አተኛኘታቸው ነው። አፋቸውን ከፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንዱ የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ተደፍቶ ይተኛሉ። የስፌት ክፍሏን አዛውንት ሁሉም «እትዬ መርፌ» ይሏቸዋል፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር የእሳቸው ናት። መኪናው ከግቢው በር ሳይወጣ ማንኮራፋት ይጀምራሉ። «ልጄ፣» ይሉታል ሲወርዱ፣ «ቤቴ ካለው አልጋ ያንተ ወንበር ይሻለኛል። አልጋዬ ላይ ሐሳብ አለ።»

ድመቱ ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። ከመስታወቱ ውስጥ የተኙትን ፊቶች እያየ ሲነዳ፣ አንድ ትልቅ ቤት ሙሉ ቤተሰብ አዝሎ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ለዚህ ሲል አንድ ሕግ አውጥቷል። ማታ ክላክስ አይነካም። «ማታ ክላክስ የሚያደርግ ሾፌር መንገዱን የማያውቅ ሾፌር ነው» ይላል። በእሱ እጅ ሥራ የለመዱ ሾፌሮችም ሕጉን ተቀብለውት ነበር፤ ቢያንስ እሱ ፊት።

እውነቱ ግን ድመቱ በጨለማ አያይም ነበር። ማንም አያይም። እሱ መንገዱን በቃሉ ይወጣዋል። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን የሰማውን ሸምድዶ ገጹን በሰዓቱ እየገለጠ የሚያነብ እንደሚመስለው፣ እሱም መሪውን በሰዓቱ ይገልጠው ነበር። ይህን ለራሱም ነግሮት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ነጭ መኪና ቆሞ አገኘ፤ የወንበሮቹ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ሾፌሮቹ እንደ ሙሽራ ከበውታል። «ቀጭኑ» የሚባለው ወጣት ሾፌር ውስጥ ገብቶ መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ፣ ከመኪናው ፊት፣ ከመስታወታቸው ኋላ ያሉት ሁለቱ መብራቶች አብረው ወደ ግራ ዞሩ። ወደ ቀኝ ሲመልሰው ወደ ቀኝ።

«ኧረ ጉድ ነው፣ ይገላመጣል!» አለ አንዱ።

«እንዲህ አድርጋ የምታየኝ አማቴ ናት» አለ ሌላው።

የስምሪት ኃላፊው እስክሪብቶውን ከጆሮው ኋላ አውጥቶ መልሶ ሰካው፤ ሲያስብ እንዲያ ያደርጋል። «እንግዲህ ስሙ» አለ። «ያረጁት መኪኖች ሊቀየሩ ነው። ይህ የሚዞረው መብራት ያላቸውም የሌላቸውም አሉ፤ ምረጡ ተብለናል። ጋራዡ፣ መብራቱን የምታዞረው ትንሿ ሞተር ከተበላሸች መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም እያለ ነው። ቀጭኑ ደግሞ ይህ ከሌለ ሞቼ እገኛለሁ ይላል።» ወደ ድመቱ ዞረ። «አንተስ?»

«መብራት ቀጥ ብሎ ያበራል» አለ ድመቱ። «የሚዞረው የሾፌሩ አንገት ነው።»

ሳቁ። ቀጭኑ ከመኪናው ወረደ። «ጋሼ፣ አንገትህ ቢዞር ብርሃን የሌለበትን ምን ታያለህ? ረጅሙ ኩርባ ላይ መብራታችን የሚያበራው ገደሉን እኮ ነው። መንገዱ ሌላ ጋ ነው ያለው።»

«ገደሉን ካበራልኝማ እዚያ አልገባም ማለት ነው። ሌላ ምን ልፈልግ?»

አሁን የሳቁት ሆዳቸውን ይዘው ነው። ቀጭኑም ሳይወድ ሳቀ። ኃላፊው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ቁልፉን ለድመቱ ሰጠው። «ማታ የምትነዳው አንተ ነህ። ሞክረውና ንገረን። አንተ ያልከው ይሆናል።»

«ከአሁኑ ልነግርህ እችላለሁ።»

«ሞክረህ ንገረኝ።»

ያን ዕለት ማታ ዝናብ ዘንቦ አባርቶ ነበር። ቀጥታው መንገድ ላይ ድመቱ በሆዱ ሳቀ። መብራቱ እንደማንኛውም መብራት ነው፤ ደመቅ ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። «ለዚህ ነው ያ ሁሉ ወሬ» አለ ለራሱ። እትዬ መርፌ እንደ ወትሮው ማንኮራፋታቸውን ይዘዋል። አዲሶቹ ወንበሮች ለስላሳ ስለሆኑ ከኋላ ያሉትም ገና ከበሩ ሳይርቁ ጸጥ አሉ።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ኩርባ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። መሪውን ሲያዞር ብርሃኑ ቀድሞት ታጠፈ። ሰው በር ከፍቶ «ግባ» እንደሚለው እንግዳ ሆነ ድመቱ። ግድግዳው ብቅ አለ፤ ቀይ ነው፣ ርጥብ ነው፣ ከስንጥቁ ሣር በቅሏል። ሣሩ ላይ የዝናብ ጠብታ ያበራል። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ሣር እንዳለ አያውቅም ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ልቡን እንደ ልጅ ደስ አለው። ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ለሁለተኛው ኩርባ ጓጓ። እሱም ታጠፈ፤ እሱም ተገለጠ። ሁልጊዜ በድንኳን ጀርባ ሲያልፍ የኖረ ሰው መጋረጃው ድንገት የተነሳለት ያህል ነበር።

ከዚያ ረጅሙ ኩርባ መጣ።

ብርሃኑ በግድግዳው ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ። መጀመሪያ ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ ታየ፤ ጀርባውን ከአፈሩ ጋር አጣብቆ፣ ጆንያውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ከእሱ ቀጥሎ ሳህን የያዘች ሴት ቆማለች። ከእሷ ቀጥሎ የማታ ተማሪዎች የደንብ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንዷ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጫጩቶቿን እንዳቀፈች ዶሮ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ወደ ግድግዳው ገፍታ ይዛለች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈነች።

የራሱ ልጅ ናት።

ከመካከላቸው የደነገጠ አልነበረም። ቀድመው ነው የቆሙት። እንዲህ መቆም የለመዱ ሰዎች አቋቋም ነበር፤ እግራቸውን ከጎማ የሚያርቁበት፣ አገጫቸውን የሚያዞሩበት ልክ ነበረው። የደነገጠው ድመቱ ብቻ ነው።

እግሩ ፍሬኑን ነካ አደረገውና ለቀቀው። አልቆመም። በስፖኪዮው ሲያይ ከኋላው ጨለማ ብቻ ነበር፤ ብርሃኑ አብሮት ሄዷልና። ያኔ ገባው። በአሮጌው መኪና እዚህ ሲደርስ መብራቱ የሚሄደው ወደ ገደሉ ማዶ፣ ወደ ባዶ አየር ነው። እሱ ደግሞ ገደሉን ስለሚፈራ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ያን ሁሉ ዓመት አየር ሲያበራ፣ ሰዎቹ እዚህ ጨለማ ውስጥ፣ በክንድ ርቀት ቆመው ኖረዋል። ክላክስም አያደርግላቸውም።

«ምነው ቀዘቀዝክ ልጄ?» አሉ እትዬ መርፌ በእንቅልፍ ድምፅ።

«ምንም የለም፣ ይተኙ።»

ሰዎቹን አድርሶ፣ መኪናውን ሰፈሩ መግቢያ አቁሞ፣ በእግሩ ቤቱ እስኪገባ ልጁ ሁልጊዜ ቀድማው ትገኛለች። ስለዚህ በየት እንደመጣች፣ መቼ እንደደረሰች ጠይቋት አያውቅም። የሠራተኛ ሰርቪስ ላይ ቤተሰብ መጫን ክልክል ነው፤ እሷም አንድ ቀን «ጫነኝ» አላለችውም። ያን ማታም ራቷን እየበላች ደረሰ። የደንብ ልብሷ ኮት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጀርባው ቀይ አፈር ነው። ይህን አፈር ስንት ጊዜ አይቶታል! እናቷ እያጠበች «አንቺ ልጅ፣ የሚያስተምሩሽ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ነው እንዴ?» ስትላት እሱም አብሮ ስቋል።

«በምን መጣሽ ዛሬ?» አላት።

«በእግሬ ነዋ።»

«መንገዱ ደህና ነው?»

ልጅቷ ከመመለሷ በፊት ጥቂት አየችው። «ደህና ነው፣ አባዬ» አለችና ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሮቹ ግቢው ውስጥ ሻይ ይዘው ጠበቁት። ድመቱ ከቤቱ ሲወጣ እውነቱን ሊናገር ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃላቱን ሲያሰማምር መጥቷል። ግን ገና ከሩቅ ሲያዩት ፈገግታቸውን አሰናድተው ቆዩት፤ ቀልድ እንደሚጠብቅ ሰው።

«እህስ ጋሼ» አለ ቀጭኑ፣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን ረሳች ወይስ እንደ ድሮዋ ናት?»

ድመቱ ብርጭቆ ተቀበለ። «ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም ጥቅም የለውም» አለ። ይህ እውነት ነው።

«ኩርባ ላይስ?»

ሁሉም ያዩታል። ኃላፊው እስክሪብቶውን አውጥቷል። ከድመቱ፣ ያን ያህል ዓመት ሌላውን «አታውቅም» ሲል ከኖረ ሰው፣ የምትፈለገው «ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ለውጥ አላየሁበትም።»

ሳቁ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቀጭኑ ብቻ አልሳቀም፤ የመጨረሻዋን ሻዩን መሬት ላይ ደፍቶ ሄደ። ነጩ መኪናም በዚያው ቀን ወደመጣበት ተመለሰ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ማዶ ተሻግሮ ቆሞ ሲያየው ድመቱ ከወዲህ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ማታዎች ቅጣት ሆኑበት። አሮጌው መኪና ያው ነው፤ መንገዱም ያው ነው። እሱ ግን በቃሉ የሚወጣው ነገር ጠፋበት። ረጅሙ ኩርባ ላይ ሲደርስ ፊት ለፊቱ ያለውን ጨለማ ሳይሆን ጎኑ ያለውን ያስባል። አሁን ጆንያው እዚህ ነው፣ አሁን ሳህኗ እዚህ ናት፣ አሁን እጆቿን ዘርግታለች። መኪናውን እንደ ኤሊ ያስኬደዋል። እጁ ክላክሱ ላይ ይደርሳል፤ በመስታወቱ ውስጥ የተኙትን ፊቶች ያያል፤ እጁን ይመልሳል። ነገ በግቢው «ድመቱ ክላክስ አደረገ» ሲባል ይሰማዋል።

«ድመቱም አረጀ መሰለኝ» አለ ከኋላ አንድ ነቅቶ የነበረ ሸማኔ። «በዚህ አያያዝ ቤቴ የምደርሰው ለነገ ፈረቃ ነው።»

በዕረፍት ቀኑ፣ መሸት ሲል፣ ድመቱ ኮቱን ደርቦ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ። ለእናቷ «እግሬን ላፍታታ» ብሏታል። ልጅቷ በሩ ላይ ሲጠብቃት ስታየው ቆመች። «ምን ሆነሃል አባዬ?» አለችው። «ምንም፤ አብረን እንሂድ ብዬ ነው።» ጓደኞቿን ዞር ብላ አየች። ደስ ያላት አትመስልም።

ሄዱ። ድመቱ ያን መንገድ በጨለማ በእግሩ ሲረግጠው የመጀመሪያው ነበር። ሲነዳው ጠባብ የሚመስለው መንገድ በእግር ጭራሽ መንገድ አይመስልም። ግድግዳው ሥር ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ ጭለማ ውስጥ ማን ያየዋል? ከፊታቸው ሳህን የያዘችው ሴት ትሄዳለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዳቦ ሸጣ ስትመለስ ነው፤ ድመቱን አታውቀውም። ልጃገረዶቹ ስለ አንድ መምህራቸው አነጋገር እየቀለዱ ነበር። ረጅሙ ኩርባ ሲጀምር ቀልዱን አቆሙ። ማንም ሳያዛቸው።

ከኋላ የሞተር ድምፅ መጣ።

«ዝምተኛው ነው?» አለች አንዷ ልጅ።

ዳቦ ሻጯ አዳመጠች። ከኩርባው ወዲያ ክላክስ ሁለቴ አጠር አጠር ብሎ ተሰማ። «አይደለም። ዛሬ ሌላኛው ነው፤ እሱ እንኳ ይነግረናል።»

«ግድግዳ!» አለች የድመቱ ልጅ። ሁሉም በአንዴ ተለጠፉ። ድመቱ የት እንደሚቆም አላወቀም፤ የልጁ ክንድ ደረቱ ላይ መጥቶ ወደ አፈሩ ገፋው። ርጥበቱ በኮቱ ውስጥ ገባ። ብርሃኑ በጎናቸው አልፎ ከገደሉ ማዶ ያሉትን የዛፍ ጫፎች አበራ፤ እነሱ ያሉበት ይበልጥ ጨለመ። ከዚያ መኪናው ራሱ መጣ። አያልቅም። ብረቱ፣ ጎማው፣ የሞተሩ ሙቀት፣ የጭቃው ርጭት፣ ሁሉም አፍንጫው ሥር አለፈ። በመስኮቶቹ ውስጥ የተኙ ራሶች አንድ በአንድ አለፉ። ድመቱ ሁሉንም ለይቶ አላያቸውም፤ በዓይኑ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ መስታወቱ ላይ የተጨፈለቀ፣ ሰላማዊ፣ አፉ የተከፈተ የሽማግሌ ፊት።

መኪናው ሲርቅ ልጃገረዶቹ ጀርባቸውን ማራገፍ ጀመሩ።

«ዝምተኛው የሚሉት ማን ነው?» አለ ድመቱ። ድምፁ የእሱ አልመሰለውም።

«የፋብሪካው ሾፌር ነዋ» አለች ዳቦ ሻጯ። «እርስዎ ለዚህ መንገድ እንግዳ ነዎት መሰለኝ። ይህ ያለፈው ደህና ነው። ያኛው ግን ጥላ ነው፤ ሳይጮህ ይመጣል። መብራቱ እዚያ ማዶ ነው፣ እሱ ግን እዚህ ጎንዎ ነው። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴን ሊገጫት ሲል ቦዩ ውስጥ ዘለለች። እግሯ ተሰብሮ ያው ታነክሳለች እስከ ዛሬ። እሱ ምን ያውቃል፣ አለፈ።»



«እንሂድ አባዬ» አለች ልጁ ቶሎ ብላ።

«አባትሽ ናቸው እንዴ?» ሴትየዋ በጨለማው ፊቱን ፈለገችው። «እሰይ። ይህቺ ልጅ እኮ ናት ያተረፈችን። ዝምተኛው ገና ከፋብሪካው በር ሲነሳ ድምፁን ትለየዋለች። 'ግድግዳ!' ካለች ግድግዳ ነው። እንዴት እንደምታውቀው እንጃ፣ ጆሮዋ የተባረከ ነው። ያሳድግልዎ።»

«አሜን» አለ ድመቱ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ግን መሬቷ እዚያ ቦታ ላይ ጠንካራ ነበረች፤ በእግሩ መሄድ ነበረበት፣ ከሴትየዋ ኋላ፣ ከልጁ ጎን፣ «ያሳድግልዎ» የሚለውን ምርቃት ተሸክሞ። ሰፈራቸው መግቢያ ላይ ሁሉም ተሰነባብተው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች ልጅቷ። «በጨለማ ያያል የሚሉህን ሰው፣ አባዬ፣ አታይም ልበልህ?»

«አዎ፣ ልትይኝ ይገባ ነበር።»

«አንድ ቀን ጀምሬ ነበር። ስለ ክላክሱ ጠየቅኩህ። 'መንገዱን የማያውቅ ነው የሚጮኸው' አልከኝ። ከዚያ ተውኩት።»

አስታወሰው። እየበላ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ለእነሱስ አባቴ ነው አላልሽም?»

ልጅቷ የኮቷን ቁልፍ ታሽከረክር ነበር። «አፈርኩ» አለች።

 ከገደሉ ይልቅ ያቺ ቃል ጥልቅ ነበረች፤ ቤት እስኪገቡ ድረስ በውስጧ ሲወርድ ቆየ።

ጠዋት ሻይ የሚጠጣበት ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቀም። ቢሆንም ሁሉም ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው አይጎድልም። የስምሪት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ኃላፊውን «ስለ መብራቱ የነገርኩህ ውሸት ነው» አለው።

ኃላፊው ቀና አለ። «የቱ?»

«ኩርባ ላይ ለውጥ አላየሁም ያልኩት። አይቻለሁ። ሰው አየሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሰው። ከመካከላቸው ልጄ ነበረች። ሳቃችሁን ፈርቼ ዋሸሁ።»

ሾፌሮቹ ተያዩ። አንዱ «ድመት ዓይኗ ጠፋ በሉኛ» ብሎ ጀመረና የሚስቅለት ሲያጣ ሻዩን ጠጣ።

«የጠየቅነው ጥያቄ ሄዷል እኮ» አለ ኃላፊው። «መብራቱ ከሌላቸው ይሁን ብለን ወስነን ልከናል። በአንተ ቃል።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ደግሞ ያስፈልጋል ልበል? እንደ ልጅ እቃቃ?»

«እኔን የጠየቅከኝ ለሾፌሩ ይጠቅማል ወይ ብለህ ነው» አለ ድመቱ። «ለእኔ እንኳ ብዙም አይደለም። መንገዱን አውቀዋለሁ። ቀጥታው ላይ ከንቱ ነው። ተማምነውበት ከሮጡ ደግሞ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። ግን ኮረብታው ወገብ ላይ የሚቆሙት ሰዎች እኔ መኪና ውስጥ አይደሉም፣ ውጭ ናቸው። ለእነሱ ይጠቅማል። እነሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።» ቀጥሎም አንዲት ሴት ቦይ ውስጥ ወድቃ እግሯ እንደተሰበረ፣ እሱ እንዳለፋት፣ ቤቷን ጠይቆ ሊሄድ እንዳሰበ ተናገረ። ይህን ሲናገር ማንንም አላየም፤ የበሩን ማጠፊያ ነበር የሚያየው።

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከጆሮው ኋላ መልሶ ሰካው። «እደውላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለኮረብታው መስመር አንዷን እንኳ ይቀይሩልን ከሆነ። ተስፋ አልሰጥህም። እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ክላክስ አደርጋለሁ።» ወደ ቀጭኑ ዞረ። «አንተም አድርግ።»

ቀጭኑ አንገቱን አቀረቀረ። «እኔማ ድሮም አደርጋለሁ ጋሼ። አንተ እንዳትሰማ ደብቄ ነው እንጂ።»

ያን ዕለት ማታ ፈረቃው ተራግፎ መኪናው ውስጥ ሲገባ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ፋብሪካ ውስጥ ከወሬ የሚፈጥን ማሽን የለም። አንዳንዶቹ ሲሳፈሩ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ያ ሸማኔ ጫማውን አላወለቀም። እትዬ መርፌ ግን፣ ወሬ የማይሰሙ ሆነው ወይም ሰምተው ንቀው፣ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ወዲያው አንኮራፉ።

ቀጥታው አለቀ። ትንንሾቹ ኩርባዎች አለቁ። አሮጌዎቹ መብራቶች የገደሉን ማዶ፣ የዛፎቹን ጫፍ፣ ባዶውን አየር ማብራት ጀመሩ። ድመቱ ማርሹን ቀነሰ። በመስታወቱ ውስጥ የተዘጉትን ዓይኖች አየ፤ ከዚያ መዳፉን ክላክሱ ላይ አሳርፎ ተጫነው።

አሮጌ መኪና ነው፤ ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ሁለት መኪና መሰለ። ከኋላ አንዱ በርግጎ «ምንድን ነው?» አለ። አንድ ሕፃን ቢኖር ኖሮ ያለቅስ ነበር። ድመቱ እንደገና ተጫነው፤ አጠር አድርጎ፣ ሁለቴ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

እትዬ መርፌ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወደፊት ዘንበል አሉ። «ምነው ልጄ፣ ሰው አለ?»

«አለ።»

«የታለ?»

በግራ በኩል ያለውን ጨለማ አየው። ምንም የለበትም፤ ሁሉም አለበት።

«አይታየኝም፣ እትዬ» አለ።

አዛውንቷ ወንበራቸው ላይ አልተመለሱም። በሁለት እጃቸው የሾፌሩን መደገፊያ ይዘው፣ አንገታቸውን አውጥተው፣ መኪናው በዝግታ ኩርባውን ሲዞር ከእሱ ጋር ወደ ግድግዳው ሲያዩ ቆዩ።